አራተኛው መስመር

ከዚህ በታች ካለው ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ የሙዳኬሬ መንደር ኩሬ ዛሬውኑ ይድረቅ። እርግጥ ኩሬው በየበጋው ይደርቃል፤ እሱ አይቆጠርም። የሚቆጠረው፣ ያን ቅዳሜ ጠዋት ነገሩን በዓይናቸው በብረቱ ያዩ ሦስት ሺህ ሰዎች መኖራቸው ነው። የመንደሩ ነዋሪ ዘጠኝ መቶ አይሞላም የሚል ተከራካሪ ካለ፣ እንግዶቹን ረስቷል ማለት ነው።

ሻራቫቲ ድንጋዩ ፊት ተንበርክካለች። በቀኝ እጇ ቀጭን የቀለም ብሩሽ ይዛለች። ከብሩሹ ጫፍ ወርቅማ ቀለም ሊንጠባጠብ ደርሷል። ሦስት መስመር ጨርሳ አራተኛው ላይ ስትደርስ እጇ ቆሟል።

«ቀጥዪ እንጂ» አለ አጎቷ።

እንዴት እዚህ እንደደረሰች ሳይነገር ግን ብሩሹን ማንቀሳቀስ አይቻልም።

አጎቷ ሩድራፓ የእናቷ ታላቅ ወንድም ነው፤ በአገሩ ወግ ማቫ ነው የምትለው። አባቷ ከሞተ ጀምሮ እሷና እናቷ የሚኖሩት በሱ ግቢ ነው። ሩድራፓ የማዳበሪያ መደብር አለው፣ ጢም አለው፣ ከሁሉ በላይ ግን ድምፅ አለው። «እንዴት አደራችሁ» ሲል ከኩሬው ማዶ ያለ ለማዳ ጎሽ ይበረግጋል። የሻራቫቲን ቦርሳና ብስክሌት የገዛው እሱ ነው። አንድ ክረምት ትኩሳት ጥሏት፣ መንገዱም በጎርፍ ተቆርጦ ሳለ፣ በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው። መንገዱ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። እሱ ሲያወራው ሃያ አምስት ይሆናል፤ ግን አሥራ ሁለቱም ቢሆን ጭቃ ነበር።

ድንጋዩንም ያገኘው እሱ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ድንጋይ ነው። ከአናቱ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ተቀርጸውበታል፤ ከዚያ በታች ሃያ ሁለት መስመር የጥንት ጽሑፍ አለበት። ለስንት ዘመን እንደሆነ እንጃ፣ በደረቱ ተደፍቶ የመስኖ ቦይ መሻገሪያ ሆኖ ኖሯል። ጎሽ ሄዶበታል፣ ጋሪ ሄዶበታል፣ ትራክተር ሄዶበታል። ቦዩ ሲጠረግ ሩድራፓ እጁን ከሥሩ ሰደደና ፊደል ዳሰሰ። በስምንት በሬ አስጎትቶ (እሱ ሠላሳ ስምንት ይላል) ቤተ መቅደሱ ግቢ፣ ዋርካው አጠገብ አቆመው። ሦስት ቀን ሙሉ በኮኮናት ልጣጭ እየፈተገ አጠበው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረ።

«ወገኖቼ! ይህ ድንጋይ አምስት ሺህ ዓመቱ ነው!» አለ ለስልኩ። «የጦር አዛዡ ቢማራያ መቶ ሺህ ዝሆን አስከትሎ እዚች መንደር ሰፍሯል። እኛ የሱ ዘሮች ነን። ይኸውና፣ የዝሆኑን ኩምቢ እዩት! ፀሐይና ጨረቃውንም እዩ! አያቶቻችን ጨረቃ ላይ ደርሰው እንደተመለሱ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ፕሮፌሰሮቹ ይህን አይነግሯችሁም!»

አርባ ሺህ ሰው አየው። ይህን ቁጥር ማንም አላጋነነውም፤ ስልኩ ላይ ተጽፏል።

ሻራቫቲም አምናው ነበር። ለምን አታምንም? አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ የዝሆን አዛዥ የልጅ ልጅ መሆንን የሚጠላ ማን አለ? በክፍሏ ልጆች ዘንድ ስሟ «አዛዥ» ሆኖ ነበር።

መንደሩ የቤተ መቅደሱን ሠረገላ በገመድ የሚጎትትበት በዓል ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ዶክተር ኢንዱማቲ ከአውቶቡስ ወረደች። ከከተማው ዩኒቨርሲቲ ነው የመጣችው። በአምሳዎቹ ውስጥ ያለች ቀጭን ሴት ናት፤ በአንድ እጇ ጃንጥላ፣ በሌላው የወረቀት ጥቅል ይዛለች። ሥራዋ አሮጌ ድንጋዮችን ማንበብ ነው። ቪዲዮውን አንድ ተማሪዋ አሳይቷት ነው የመጣችው። ሩድራፓ ደስ አለው። የማሽላ ቂጣና አሬራ አቀረበላት፤ የእህቱን ልጅ ረዳት ሰጣት፤ «ዶክተሯ ልታረጋግጥልን መጣች» ብሎ ለሰፈሩ አወጀ።

ዶክተር ኢንዱማቲ አታወራም። ድንጋዩን አጠበች፤ ወረቀት በውሃ አርሳ ለጠፈችበት፤ በብሩሽ ጀርባ ቀስ እያለች ትደበድበው ጀመር። ወረቀቱ እየሰመጠ እያንዳንዱ የፊደል ጉድጓድ ውስጥ ገባ።

«ያዢ፣ ሞክሪ» አለቻት ለሻራቫቲ። «አትምቺው። እንደ ሕፃን ጀርባ ነው መታ መታ የምታደርጊው።»

ወረቀቱ ሲጠነፍፍ በጨርቅ ኳስ ጥቁር ቀለም ጠቀጠቁበት። ጥቁሩ መሐል ፊደሎቹ ነጭ ሆነው ብቅ አሉ። ሻራቫቲ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ድንጋዩ ላይ ጭረት የሚመስለው ሁሉ ወረቀቱ ላይ መስመር ይዞ ተሰልፏል።

«ሚስ፣ ዝሆኖቹ የቱ ጋ ናቸው?»

«የትኞቹ ዝሆኖች?»

«መቶ ሺዎቹ።»

ዶክተሯ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገች። «እኔ አንድም ቢገኝ ይበቃኝ ነበር።»

ማቫ ኩምቢ ብሎ ያሳየው የድንጋዩ ስንጥቅ ነው። ወረቀቱ ላይ ስንጥቅ ስንጥቅ ይመስላል እንጂ ሌላ ምንም አይመስልም።

«ታዲያ ምን ይላል?»

«ስምንት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ነው። ያስጻፈችው አንዲት ዘይት ጨማቂ ሴት ናት። ዘይት በጨመቀች ቁጥር አንድ ጭልፋ ለቤተ መቅደሱ መብራት እንዲሰጥ ወስናለች። ከኩሬው ሥር ያለውን ማሳዋን ደግሞ ኩሬውን በየዓመቱ ለሚጠርግ ሰው ሰጥታለች። ፀሐይና ጨረቃው ‹እነዚህ እስካሉ ድረስ ስጦታው ይጽና› ለማለት ነው።»

«ስሟ ማን ነው?»

ዶክተር ኢንዱማቲ ጣቷን አራተኛው መስመር ላይ አሳረፈች። እዚያ ጋ ወረቀቱ ጥቁር ብቻ ነው፤ ድንጋዩ ተፈርፍሯል። «እዚህ ነበር። መጨረሻው ተርፏል፤ የሴት ስም መሆኑን ከሱ እናውቃለን። መጀመሪያው የለም።»

«እና ማን እንበላት?»

«አላውቅም።»

እንዲህ ነው ያለችው፤ ልክ «ዛሬ ደመና ነው» እንደሚባለው። ሻራቫቲ አንድ ትልቅ ሰው ሳያፍር ይህን ቃል ሲናገር ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ከማቫ አፍ ወጥቶም አያውቅም።

አርብ ከሰዓት በኋላ ሩድራፓ ዶክተሯን ዋርካው ሥር ወዳለው መደብ ጋበዛት። የበዓሉ ድምፅ ማጉያ ተተክሏል። ሰዉ በሊጥ የተጠበሰ ቃሪያ እየበላ ተሰብስቧል። በሰዓቱ የነበረው ሕዝብ ብዛት ዋርካውን እንዳጎበጠው የሚናገሩ አሉ።

«ዶክተር» አለ ሩድራፓ ማይኩን ይዞ፣ «ሕዝቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። አጠር አድርገው ይመልሱልን። አራተኛው መስመር ላይ ያለው ስም የማን ነው?»

«ስሙ በከፊል ጠፍቷል። የቀረው ክፍል ግን—»

«የማን ነው? ስም ብቻ!»

«ሙሉውን ማንበብ አይቻልም።»

«ስለዚህ አያውቁትም?»

ሻራቫቲ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። በሆዷ «ሚስ፣ በእናትዎ እንደዚህ አይበሉ» ትላለች።

«አላውቀውም» አለች ዶክተር ኢንዱማቲ።

ሩድራፓ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ስንት ዓመት ተማሩ?»

«ሃያ አንድ።»

«ሃያ አንድ ዓመት! ‹አላውቅም›ን እኮ እኔ አንደኛ ክፍል ነው የጨረስኳት!»

ሳቁ ከዋርካው ላይ አንድ ሺህ በቀቀን አስነሳ። ከኋላ አንዱ «የትምህርቷን ክፍያ ይመልሱላት!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላ ሳቅ ሆነ። ዶክተሯ እጇን አነሳች፤ ስለ ፊደሉ ቅርጽ፣ ስለ ዘመኑ፣ ተመሳሳይ ድንጋዮች በየመንደሩ መኖራቸውን ማስረዳት ጀመረች። ድምፅዋ ትንሽ ነው። «ምናልባት» ትላለች፣ «ይመስላል» ትላለች፣ «እስካሁን ባለን መረጃ» ትላለች። እያንዳንዷ «ምናልባት» ስትመጣ ሰዉ ያጨበጭባል።

ከዚያ ሩድራፓ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ይህ ደግሞ ከጩኸቱ ይከፋል። «እሺ እንተወው። እኔን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ይህን ድንጋይ ጎሽ ሲረግጠው የት ነበራችሁ? ያነሳነው እኛ! ያጠብነው እኛ! ዛሬ ከከተማ መጥታችሁ አያቶቻችሁ ዘይት ጨማቂ ነበሩ ትሉናላችሁ?»

«ልክ ነዎት» አለች። «መምጣት ነበረብን። አልመጣንም።»

«አመነች!» አለ ሕዝቡ። ፉጨቱ ጆሮ ሰነጠቀ። ምኑን እንዳመነች የጠየቀ የለም።

ሻራቫቲ መነሳት ትችል ነበር። ወረቀቱን እሷም አይታዋለች፤ ጥቁሩን የጠቀጠቀችው በራሷ እጅ ነው። «ዝሆን የለም» ሁለት ቃል ናት። ከመቀመጫዋ ግን አልተነሳችም። ማቫ እዚያ ላይ ቆሞ ፊቱ በርቷል። እንደዚያ ሲደሰት ያየችው ብስክሌቱን የገዛላት ቀን ብቻ ነው።

«ነገ ጠዋት» አለ ሩድራፓ በማይኩ፣ «ሁሉም ሰው እንዲያነበው ፊደሉ በወርቅማ ቀለም ይሞላል! የጎደለውም ስም ቦታውን ይይዛል፤ ቢማራያ! የምትቀባው ደግሞ የኛው ልጅ፣ ሻራቫቲ!»

አጨበጨቡ። በመንደሩ እንደሷ ያለ እጅ የለም። ሴቶች በየማለዳው ደጃፍ ላይ በሩዝ ዱቄት የሚሥሉትን ሐረግ እሷ ስትሥለው፣ ጉንዳኖቹ ዱቄቱን ከመብላት ይልቅ ዞረው ይሄዳሉ ይባላል። ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም።

ከስብሰባው በኋላ ሻራቫቲ የወረቀቱን ጥቅል አውቶቡስ ማቆሚያ ድረስ ተሸክማ ዶክተሯን ሸኘቻት።

«ሚስ፣ ቀለሙ በኋላ ይለቃል?»

«ይለቃል። የድንጋዩን ቆዳ ይዞ ነው የሚለቀው። ከሥሩ የቀረችውም ትንሽ ነገር አብራ ትሄዳለች።»

«ለመንግሥት ይንገሩ እንጂ!»

«ስለ ድንጋዩ ትናንት ጽፌያለሁ። ደብዳቤው የሚመለከተው ሰው ጋ እስኪደርስ ክረምቱ ይገባል።»

«እሺ ማቫን እንደገና ያናግሩት።»

«እንዴት እንዳናገርኩት ሰማሽ አይደል?» ዶክተሯ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። «አራተኛውን መስመር ብቻ ባዶ ይተዉት ብዬ ለመንኩት። ‹ባዶ ቦታ ለማን ይጠቅማል?› አለኝ።»

አውቶቡሱ አቧራውን እያስነሳ መጣ።

«እኔስ ምን ላድርግ?»

ዶክተር ኢንዱማቲ ጥቅሉን ተቀበለቻትና እንደ ሕፃን አቀፈችው። «እኔ በዚህ አውቶቡስ እሄዳለሁ። አንቺ ደግሞ እዚህ ነሽ፤ በሱ ቤት። ተጣዪ ልልሽ አልችልም፤ ዝም በዪም አልልሽም።» አንድ እግሯን የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ አሳረፈች። «አላውቅም፣ ልጄ።»

ይህኛው «አላውቅም» እንደ ፊተኛው አልነበረም።

ያን ዕለት እራት ላይ ሻራቫቲ ቂጣዋን ስትቆራርስ እናቷ አየቻት። «ምን ሆነሻል?»

«እማ፣ ድንጋዩ ላይ ቢማራያ የሚል ነገር የለም።»

እናቷ በሩን አየት አድርጋ ድምጿን ቀነሰች። «ቢኖርስ ባይኖርስ ምናችን ነው? ይልቅ የምንኖርበትን ቤት እወቂ።» ከዚያ ምስር ጨመረችላት።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ጓደኛዋ ትሪቬኒ መንገድ ላይ አገኘቻት።

«አዛዥ! ፊትሽ ምነው? አራስ ጎሽ መስለሻል።»

«ትሪ፣ ልቀባው ነው። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ።»

«አቦ አታካብጂ! ማን ሊያነበው? ለኔ የዛሬው ፊደል እንኳ በመስታወት የተገለበጠ ነው የሚመስለኝ፣ ያንን ጭረት የሚያነብ ማን አለ?»

«ሚስ ታነበዋለች።»

«እሷማ ላሽ አለች። ስሚ፣ ቀብተሽ ተገላገዪው፤ ከዚያ ሠረገላውን እንጎትታለን፣ ጣፋጭ እንበላለን። በአንዲት መስመር ሙድሽን አታበላሺ።»

ምን ብላ ትመልስላት? ትሪቬኒ ክፉ አይደለችም። ክፉ ሰው ቢገኝ ኖሮ ነገሩ ይቀላት ነበር።

እናም ድንጋዩ ፊት ተንበረከከች። ሦስቱን መስመር ቀባች፤ የተጻፈውን ነበርና የቀባችው፣ እጇ እሺ አላት። አራተኛው ላይ ስትደርስ፣ በተፈረፈረው ቦታ ማቫ በጠመኔ የጻፈው ስም ይጠብቃታል። ትልቅ ነው፤ ከሌሎቹ ፊደሎች ሁሉ ይገዝፋል። ከጠመኔው ጎን የዚያች ሴት ስም ጭራ ትታያለች፤ ከሩዝ ፍሬ አትበልጥም።

«ቀጥዪ እንጂ» አለ አጎቷ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሙዳኬሬ ሁሉ ያውቀዋል። ሻራቫቲ ተነሳች። ስትነሳ ከዋርካው የምትረዝም መሰለች። ከበሮው ቆመ። በሦስት ሺህ ሰው ፊት፣ ከአጎቷ በሚበልጥ ድምፅ፣ «እዚህ ላይ ስም የለም! የሌለ ስም አልቀባም!» አለች፤ ጎሾቹ ኩሬ ውስጥ ዘለው ገቡ። ብሩሹን ወረወረችው፤ በቤተ መቅደሱ ጣሪያ ላይ አልፎ እስከዛሬ አልተገኘም። ሩድራፓ እንደ ነጎድጓድ አጓራ። እሷም አለቀሰች፣ እሱም አለቀሰ፣ ሕዝቡም አለቀሰ። በመጨረሻ ማይኩን ይዞ «ልጄ፣ እኔም አላውቅም!» አለና አቀፋት። አራተኛው መስመርም ትራክተር እንደተወው፣ ባዶውን ቀረ።

ይህ ታሪክ በየዓመቱ በበዓሉ ዋዜማ ዋርካው ሥር ይወራል፤ ሩድራፓ የሠረገላውን ገመድ ሊያስመጣ ከተማ በሚሄድበት ሰዓት። በየዓመቱም ትንሽ ያድጋል። ጎሾቹ ታሪኩ ውስጥ የገቡት አምና ነው። ዘንድሮም እዚህ ጋ ሲደርስ መደቡ በጭብጨባ ተናጋ።

ሻራቫቲ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው አሁን። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ኦቾሎኒ ትፈለፍል ነበር። ባለፉት ዓመታት ታሪኩን ፈገግ ብላ ሰምታ ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር። ዘንድሮ ግን ከጭኗ ላይ ልጣጩን አራገፈችና እዚያው ቀረች።

«ቀባሁት» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ።

«ምን አልሽ?» አሏት ሰዎቹ።

«አራተኛውን መስመር። ቀባሁት። ሃያ ሁለቱንም ነው የቀባሁት።»

«ኧረ ሻሩ! ብሩሹስ? የወረወርሽው?»

«በነጭ ጋዝ አጥቤ መለስኩት።»

«ሕዝቡስ? ሦስት ሺህ ሰው?»

«ሕዝብ አልነበረም። ገና ጠዋት ነበር። እኔና ማቫ ብቻ ነበርን።»

«አጎትሽስ? እንደ ነጎድጓድ አልጮኸም?»

«አልጮኸም። የቀለሙን ቆርቆሮ ይዞልኝ ነበር። ‹እጅሽ ደከመ?› አለኝ። አልደከመም አልኩት።»

«አልቅሰሻል ግን። ማልቀሱስ እውነት ነው አይደል?»

አሰበች። «አላለቀስኩም። ቀለሙ እንዳይንጠባጠብ እየተጠነቀቅኩ ነበር። በጣም አሳምሬ ነው የቀባሁት።»

ድንጋዩ ከመደቡ ሃያ እርምጃ አይርቅም። ወርቅማው ቀለም ከዚያው ያብለጨልጫል።

«ሂዱና እዩት» አለች።

ከመደቡ የተነሳ ሰው የለም። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላው ኦቾሎኒ እንድታቀብለው ጠየቃት፤ አቀበለችው።